ምዕራፍ 7፦ ከስፍር በላይ፤ “ትርፍ” ከየት መጣ?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ በኢትዮጵያ ከተሞች ከቆሙት ቤቶች የአንዱም ግድግዳ አልተነቃነቀም። ጣሪያው፣ በሩ፣ የግቢው ኮባ ሁሉ እንደነበረ ነው። ከአንድ በላይ ቤት የነበረው ሰው ግን ሌላው ቤቱ በዚያን ቀን አዲስ ስም ወጣለት፤ “ትርፍ ቤት” ተባለ። አዋጁ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርግ ነበር። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ይበቃዋል፤ ለንግድ ሥራው ከሚፈቀድለት በቀር ከዚያ ያለፈው ትርፍ ነው፤ ትርፍ ከሆነ ደግሞ የእሱ አይደለም። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ዛሬም “የቀበሌ ቤት” እና “የኪራይ ቤቶች” ብለን የምንለያቸው ከዚያች 100 ብር ወዲህና ወዲያ የወደቁትን ነው።

የአዋጁን ደግነትና ክፋት ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። እኔን የሚይዘኝ የቃሉ ምርጫ ነው። አርቃቂዎቹ “ብዙ ቤት” ቢሉ ኖሮ፣ ስንት ሲሆን ነው ብዙ? የሚል ክርክር ይነሣ ነበር። “ተጨማሪ ቤት” ቢሉ ደግሞ ባለቤቱ ለፍቶ የጨመረው መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክርለታል። “ትርፍ” ግን ገና ሲነገር ፈርዶ ያበቃ ቃል ነው። ቢወሰድም የሚጎድል ነገር የለም፣ የሚበቃህ አስቀድሞ ተሰጥቶሃል ይላል። ክርክሩን ከመነሻው ዘጋው።

ይህን ያህል ጉልበት ያለው ቃል የትም ተወልዶ የትም አላደገም። የቤቱ ግርግዳ ሳይነካ የቤቱን ዕጣ የቀየረው ይህ ቃል ከምን ተሠራ? በዚህ ምዕራፍ ሥሩን እንፈልጋለን።

ሦስቱ ድምፆች

በምዕራፍ 3 እንዳየነው የሴም ቋንቋዎች ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት በሦስት ተነባቢ ድምፆች ላይ ነው። አናባቢው እየተለዋወጠ፣ ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለ ከአንድ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ይወጣል። የእኛ ቃል ሥር ት፣ ር፣ ፍ ነው። ግእዙ “ተረፈ” ይላል፤ ትግርኛውም አማርኛውም ይህንኑ ይላሉ። ድምፁ በዚህ ሁሉ ዘመን ስላልተሸረሸረ በምዕራፍ 5 እንደደከምነው የጠፋ ጉሮሮ ድምፅ ፍለጋ መቆፈር አይኖርብንም። ሥራው ያለው ትርጉሙ ላይ ነው።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የፈጸሙት፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በአበገደ ተራ ነው። በዚያ ተራ “ተ” ፊደሉ ሊያልቅ ሲል የሚመጣ በመሆኑ ተረፈን የሚፈልግ ሰው ወደ መጽሐፉ ትራፊ ገጾች መሄድ አለበት። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

የግእዙ ተረፈ ሁለት ነገር ይላል፤ ሁለቱም ላይ ላዩን ሲታዩ የተጣሉ ይመስላሉ። አንደኛው “ቀረ” ነው፤ ሌላው ተበልቶ፣ ተወስዶ ወይም ሞቶ ይህ ቀረ። ሁለተኛው “በለጠ፣ ከልክ አለፈ” ነው። የመጀመሪያው የጥቂት ነገር ቃል ነው፤ የሁለተኛው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። ከገበታ የተረፈ እንጀራ አንድ ጉርሻ ሊሆን ይችላል። “ሀብቱ ከእሱ አልፎ ለዘመድ ተረፈ” ሲባል ግን የምናስበው ሙላትን ነው። አንድ ቃል ሁለቱን እንዴት ይሸከማል?

የጣሳው አፍ

ጤፍ በጣሳ የምትሸጥ ሴት እናስብ። ጆንያዋን ፈትታ ትሰፍራለች። ጤፉ የጣሳው አፍ ድረስ ከሞላ በኋላም አይቆምም፤ ይቆለላል። ገዢዋ ቁልሉን ትወደዋለች፤ ሻጯ በመዳፏ ላጥ አድርጋ ወደ ጆንያው ትመልሰዋለች። ከአፉ በላይ የቆመው ጤፍ “ተርፎ” ነበር። አሁን ደግሞ ገዢዎች ሁሉ የሚፈልጉትን አሰፍረው ሄዱ፤ ጆንያው ሥር ጥቂት ጤፍ አለ። ይህም “ተርፏል”። አንዱ ከላይ ነው፣ ሌላው ከታች። አንዱ ስፍሩን አልፎ፣ ሌላው ስፍር ሳይደርሰው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጣሳው ብቻ ነው፤ ጣሳ ባይኖር ሁለቱም ዝም ብለው ጤፍ ነበሩ።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ እዚች ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይባት። በቁልሉ ጫፍ ላይ የነበረችው ፍሬ ከጣሳው ሥር ከተቀመጠችው አትከፋም፣ አትሻልም። ከመላጨቷ በፊት በአጉሊ መነጽር ብንመረምራት ትርፍ መሆኗን የሚናገር ምልክት አናገኝባትም። ትርፍነት ከነገሩ ጋር የተወለደ ጠባይ ሳይሆን ነገሩ ከአንድ ስፍር ጋር ያለው ዝምድና ነው። በምዕራፍ 2 “ሩቅ” እና “ትልቅ” የሚሉትን ስናነሣ ብቻቸውን የማይቆሙ ቃላት ብለናቸው ነበር፤ ከምን የራቀ? ከማን የሚተልቅ? ብሎ ጆሮ ሳይጠይቅ አይቀበላቸውም። ትርፍም የእነሱ ወገን ነው፤ ልዩነቱ ሩቅነትን ማንም በእግሩ ሊለካው ሲችል ስፍሩን የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወገን መሆኑ ነው። ስለዚህ ትርፍ የሚባል ነገር ስንሰማ ሁለት ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል፦ ስፍሩ ምንድን ነው? የሰፈረውስ ማን ነው? በ1967ቱ አዋጅ ስፍሩ “ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት” ነበር፤ ሰፋሪው ደግሞ ደርግ።

ሞት ሰፍሮ ሲሄድ

ከቅርንጫፎቹ ሁሉ አንጀት የሚበላው “ከሞት ተረፈ” የምንለው ነው። ጦርነት፣ ወረርሽኝ ወይም የመኪና አደጋ የድርሻውን ሰፍሮ ይሄዳል፤ ያልተሰፈረው ሰው ተረፈ ይባላል። ጆንያው ሥር እንደቀረው ጤፍ ማለት ነው። ቀደም ብለው የተወለዱ ልጆች የሞቱባት እናት ለሚቀጥለው ልጇ ስም ስታወጣ ተረፈ፣ ተረፈች ወይም ትርፌ ትላለች። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ንቀት የለም፤ ምስጋናና ትንሽ ፍርሃት አለ። ሰውን “ትራፊ” ብሎ መጥራት ግን ያጣላል። ሥሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙም ያው “የቀረ” ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሰፋሪው ሞት ሲሆን በሁለተኛው ቀድሞ የበላ ሰው ነው።

“ትርፍራፊ” ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው። የሥሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ድምፆች ተደግመው ር፣ ፍ፣ ር፣ ፍ ይላሉ። ይህ አካሄድ በምዕራፍ 4 ካየናቸው ከስብርባሪ፣ ከቁርጥራጭና ከቁርስራሽ ጋር አንድ ነው። ድምፁ ሲደጋገም ነገሩ ይደቅቃል፣ ይበታተናል። ትራፊ ለሌላ ሰው ሊቀርብ ይችል ይሆናል፤ ትርፍራፊ ግን ለውሻ ነው።

ከዚያ “አ” ከፊት ስትገባ ቃሉ ጌታ ያገኛል። ተረፈ ብሎ በራሱ የቀረው ነገር አሁን የሚያስቀረው አለ፦ አተረፈ። ሐኪሙ በሽተኛውን አተረፈ። ዘፋኙ ስም አተረፈ። ነጋዴው አተረፈ። አማርኛ ደግሞ ምፀት ስለማያልቅበት፣ ያለ ቦታው የተናገረ ሰው ጠላት አተረፈ፣ በሰው ነገር የገባም ለራሱ ጣጣ አተረፈ ይባላል። ይህ የምፀት አነጋገር ቃሉን ከንግድ ቤት ወስዶ የገለበጠው ነው፤ ሂሳቡ ሲዘጋ እጅህ ላይ የቀረው ምንድን ነው? ጠላት።

ትርፍና ኪሳራ

የንግዱ ትርፍ ከጣሳው ሥዕል አንድ ፀጉር እንኳ አይርቅም። ከሽያጩ ላይ የዕቃው መግዣ፣ የሱቁ ኪራይ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመብራቱ ሁሉ ተቀንሶ የቀረው ነው ትርፍ። በመቀነስ እንጂ በመደመር አይገኝም። እንግሊዝኛው “ፕሮፊት” የሚለው ወደፊት መራመድን ከሚያመለክት የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ የፈረንጁ ነጋዴ ሲያተርፍ ወደፊት ሄደ ማለት ነው። የእኛው ነጋዴ ደግሞ ሲያተርፍ ሁሉም የድርሻውን ይዞ ከሄደ በኋላ የቀረውን ይሰበስባል። ከሁለቱ የሂሳብ ሠራተኛውን ሥራ በትክክል የሚገልጸው የእኛው ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ የትርፍ ጥንድ የሆነው “ኪሳራ” ከዐረብኛ የመጣ ነው። ትርፉን ከቤት አውጥተን ኪሳራውን ከጎረቤት ተበደርን።

በነጋዴና በግብር ሰብሳቢ መካከል ያለው የቆየ ጠብም ዋናው ምክንያቱ የጣሳው አፍ የት እንደሆነ አለመስማማት ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ኩባንያ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። መቶኛው በአዋጅ የተጻፈ ስለሆነ የሚያከራክር ነገር የለውም። የሚያከራክረው የትኛው ወጪ “ተቀናሽ” ነው የሚለው ነው። ለእንግዳ መስተንግዶ የወጣው ገንዘብ ወጪ ነው ወይስ ትርፍ? ነጋዴው ወጪ ነው ይላል፤ የገቢዎች ሠራተኛ ደረሰኙን ገልብጦ ካየ በኋላ አይያዝም ይላል። ብሩ አንድ ብር ነው፤ ስሙን የሚያገኘው ከክርክሩ በኋላ ነው።

ትሩፋት

እስካሁን ያየነው ትርፍ ወይ ይወሰዳል፣ ወይ ይጣላል፣ ወይ ግብር ይከፈልበታል። የግእዙ ሥር ግን አንድ ሌላ ቅርንጫፍ አለው፤ እሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። “ትሩፍ” ማለት የተመረጠ፣ የበለጠ ማለት ነው። “ትሩፋት” ደግሞ ከታዘዘው አልፎ የሚሠራ በጎ ሥራ ነው። ሰባቱ አጽዋማት ለምእመን ሁሉ የታዘዙ ናቸው። ጾመ ጽጌ ግን የፈቃድ ጾም ነው፤ የማይጾመው አይወቀስም፣ የሚጾመው ትሩፋት ሠራ ይባላል። የስግደቱም የምጽዋቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ሕጉ ስፍሩ ነው። ከስፍሩ በላይ የሚቆለለውን ግን የሚላጨው የለም፤ ሰፋሪውም ቆላዩም ራሱ ሰውየው ነው።

ከልክ ማለፍ በአንድ በኩል ነቀፋ፣ በሌላ በኩል ቅድስና መሆኑ ያስገርማል። “ትርፍ ቃል ተናገረ” ስንል ሰውየውን እየነቀፍን ነው፤ “የትሩፋት ሰው ነው” ስንል ደግሞ እያከበርነው። ቃሉ ራሱ አይወቅስም፣ አያወድስም፤ መስመሩ መታለፉን ብቻ ይናገራል፤ የቀረውን የምንፈርደው እኛ ነን።

ትሩፋት በዚህ ዘመን ከደብሩ ወጥቶ ዜና ማንበቢያ ውስጥ ገብቷል። “የሰላም ትሩፋት”፣ “የልማት ትሩፋት” ይባላል። መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የወተት፣ የእንቁላል፣ የዶሮ፣ የማርና የዓሣ ምርትን ለማሳደግ የጀመረውን መርሐ ግብር “የሌማት ትሩፋት” ብሎታል። የስሙ አወጣጥ በእኔ ግምት ብልህ ነው። “ትርፍ ምርት” ቢባል ኖሮ ሰሚው ወዲያው ነጋዴን ያስባል፤ ትሩፋት ሲባል ግን የጾሙና የጸሎቱ ክብር አብሮ ወደ ሌማቱ ይመጣል። ለወተትና ለእንቁላል መርሐ ግብር የጾመኛ ቃል መመረጡን ግን ልብ ያለው ሰው ያስተውለዋል።

ጎረቤቶቻችን በሌላ መንገድ

ይህ ሁሉ የት-ር-ፍ የግል ጠባይ ነው ወይስ ሰው በዚህ አካባቢ የሚያስብበት መንገድ? ይህን ለማወቅ በምዕራፍ 6 የተጠቀምንበትን ዘዴ እንድገመው፤ ሌላ ሥር ያላቸውን ዘመዶች እንይ።

ዐረብኛ ለዚህ ጉዳይ ፍ፣ ድ፣ ል የሚል ሥር አለው። “ፈድል” ትርፍም ነው፣ ቸርነትም ነው። “ፈዲላ” በጎ ምግባር ነው፤ የእኛን ትሩፋት ልብ ይሏል። “ፈደላት” ትርፍራፊና ውዳቂ ነው። “ፉዱሊ” ደግሞ በማያገባው የሚገባ ሰው፣ በእኛ አነጋገር ትርፍ ነገር የሚያበዛ ነው። ድምፁ ከእኛው ሥር ጋር ምንም አይገናኝም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ከቀሪ ወደ ብልጫ፣ ከብልጫ ወደ ምግባር፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ወደ ቆሻሻና ወደ ነገረኛነት። በጂዳ ወይም በዱባይ የሰው ቤት የሠራች እህታችን ይህን ሥር ሳታውቀው በየቀኑ ስትሰማው ኖራለች። እንግዳ ሲገባ ወይም ምግብ ሲቀርብ “ተፈደሊ” ይባላል፤ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ብዪ ለማለት ነው። ውስጡ ያው ፈድል አለ፤ ቸርነትሽ ይሁንና እንደማለት ነው።

ዕብራይስጥ በበኩሉ ይ፣ ት፣ ር የሚል ሥር ይዟል፤ መነሻው “ቀረ” ነው። ከዚህ ሥር የመጣው “ይትሮን” የሚለው ቃል በመጽሐፈ መክብብ መጀመሪያ ላይ ጠቢቡ ሰው ከድካሙ ሁሉ ምን ያገኛል ብሎ ሲጠይቅ የተጠቀመበት ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉን “ትርፍ” ብሎ ተርጉሞታል። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ቃላት የሚጠይቁት ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ነው። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ከባንክ በሚደርሳቸው ወረቀት ላይ “ይትራ” የሚል ያያሉ፤ የሂሳቡ ቀሪ ነው። በዚያው አገር አላስፈላጊ ነገር “መዩታር” ሲባል “ይበልጥ” ለማለት “ዮቴር” ይላሉ። ቀሪ፣ ብልጫና አላስፈላጊ፣ ሦስቱም ከአንድ ሥር።

እንግዲህ ሦስት ቋንቋዎች በሦስት የተለያዩ ሥሮች አንድ ቦታ ደርሰዋል። ቃሉን ከሌላው የተዋሰ የለም፤ ድምፆቹ ይመሰክራሉ። እህል ሰፍሮ፣ በግ ቆጥሮ፣ ምርት ተካፍሎ በሚኖር ሕዝብ ዘንድ ትርፍ የሚታየው ከክፍያ በኋላ ስለሆነ ይመስለኛል።

ስፍሩ ሲንቀሳቀስ

ቃሉ ዛሬ በብዛት የሚሰማው ታክሲ ውስጥ ነው። ሚኒባሱ ስንት ሰው እንደሚጭን ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ የተጫነው ሰው “ትርፍ” ይባላል። ትርፍ ሰው አይባልም፤ ትርፍ ብቻ። ወያላው “ጠጋ ጠጋ በሉ” ብሎ በመቀመጫዎቹ መካከል ያስገባዋል፤ አደባባዩ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ነጭ ኮፍያ ብቅ ሲል “ዝቅ በል” ይለዋል። ሰውየው ሒሳቡን እንደሌላው ከፍሏል፣ የሚሄደውም ሌላው ወደሚሄድበት ነው። ትርፍ ያደረገው ዘግይቶ መግባቱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ገብቶ ቢሆን ትርፉ አሁን በመስኮቱ በኩል ደልቶት የተቀመጠው ሰው ይሆን ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ስፍሩ ራሱ ተንቀሳቀሰ። የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ታዘዘ፤ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። ትናንት በሕጋዊ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው በማግሥቱ እዚያው ወንበር ላይ ትርፍ ነበር። ትርፍ የሚያደርገው የወንበሩ ቁጥር ነው ብሎ ያሰበ ሰው ካለ ያ ጊዜ ሐሳቡን ያስቀይረዋል።

የሥራ ሰዓትም እንዲሁ መስመር ያለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። ከዚያ በላይ የተሠራው “ትርፍ ሰዓት” ነው፤ ሕጉም ዋጋ ቆርጦለታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ለሌሊቱ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ዘጠነኛዋ ሰዓት ከስምንተኛዋ አትረዝምም፤ መስመሩን በማለፏ ብቻ ተወደደች። እዚህ ላይ “ትርፍ ሰዓት” እና “ትርፍ ጊዜ” የሚሉትን ጎን ለጎን ማየት ደስ ይላል። ሰዓትና ጊዜ በአማርኛ ያን ያህል አይራራቁም። ትርፍ ሰዓት ግን አሠሪው ከሠራተኛው የሚወስደው ነው፤ ትርፍ ጊዜ ሠራተኛው ከአሠሪው ያስቀረው።

ፋብሪካዎች ደግሞ “ተረፈ ምርት” ይላሉ። ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ፣ ስንዴ ተፈጭቶ የሚቀረው ፉርሽካ፣ ሸንኮራ ተጨምቆ ስኳሩ ሲወጣ የሚቀረው ሞላሰስ ሁሉ ተረፈ ምርት ናቸው። ዘይት ለሚፈልገው ሰው ፋጉሎ ተረፈ ነው፤ በሬ ለሚያደልበው ሰው ዋናው ዕቃ እሱ ነው። በፊንጫ የስኳር ፋብሪካ ሞላሰሱ ኢታኖል ሆኖ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሏል።

ያለ ጥፋቱ ትርፍ የተባለ አካል

አንዳንዴ ቃሉ ቸኩሎ ይፈርዳል። ከትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ፣ ከሆድ በስተቀኝ ወደ ታች፣ የጣት ቅጥነት ያላት አንዲት ዝግ ቱቦ ተንጠልጥላለች። የላቲኑ ስሟ “አፔንዲክስ” ነው፤ የተንጠለጠለች ለማለት ብቻ ነው፣ ስለ ጥቅሟ ምንም አይናገርም። አማርኛው ግን “ትርፍ አንጀት” ብሎ አረፈው።

ፍርዱን ያጸናው ቻርልስ ዳርዊን ነው ማለት ይቻላል። በ1871 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው አመጣጥ በጻፈው መጽሐፉ ይህችን ቱቦ ቅጠል በል ከነበሩ ቅድመ አያቶች የቀረች፣ ሥራዋን ያጣች አካል አድርጎ ቆጠራት፤ የእኛው ተረፈ በመጀመሪያ ትርጉሙ፣ “ቀረ” በሚለው። ቀዶ ሐኪሞችም ተቆርጣ ብትወጣ ሰውየው እንደማይጎዳ አሳዩ። ክላውዲየስ አሚያንድ የተባለ ሐኪም በ1735 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከአንድ የ11 ዓመት ልጅ ላይ መርፌ የተሰካባትን ትርፍ አንጀት ቆርጦ አወጣ፤ በታሪክ ከተመዘገቡት የመጀመሪያው ነው። ልጁ ዳነ።

የኋላ ኋላ ግን ጥርጣሬ መጣ። ቱቦዋ የሰውነትን መከላከያ በሚያመርት ሥጋ የተሞላች ናት። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ከባድ ተቅማጥ ሆድን ጠራርጎ ሲያወጣ ለምግብ መፈጨት የሚረዱት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እዚያች ዝግ ጓዳ ውስጥ ተጠልለው ይተርፋሉ፣ ከዚያም ወጥተው አንጀቱን መልሰው ይሞላሉ የሚል ነው። ሐሳቡ ገና የሚመረመር ቢሆንም ስፍሩን ቀይሮታል። ንጹሕ ውኃ ባለበት፣ ተቅማጥ በማይበዛበት ከተማ የተሰፈረች አንጀት ትርፍ ናት። ኮሌራ በሚመላለስበት መንደር ብትሰፈር ግን የዘር ጎተራ ሆና ልትገኝ ትችላለች።

ስሙ ሌላም መዘዝ አለው። እምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድ ሕመም የያዘው ሰው “ትርፍ አንጀቴ ነው” ብሎ ቀላል ነገር አድርጎ ሊያድር ይችላል። ትርፍ መባሏ ስትታመም የማትገድል አያደርጋትም፤ ከፈነዳች መግሉ በሆድ ዕቃ ሁሉ ይሰራጫል። ቃሉ እንዳያዘናጋችሁ።

ተረፈ ባሮክና ሕጹጻን

ወደ ግእዝ ተመልሰን እንጨርስ፤ ተርጓሚዎች የዚህን ቃል ሁለት ፊት እንዴት እንዳወቁት የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ በመጻሕፍት ስም ላይ አለ።

ግሪኮች በቀደመ ታሪክ ውስጥ ሳይጻፍ የታለፈውን ነገር “ፓራሌይፖሜና” ይሉታል፤ ወደ ጎን የተተወ ማለት ነው። በዚህ ስም የጠሯቸው የተለያዩ መጻሕፍት ነበሩ። አንዱ ስለ ኤርምያስና ስለ ባሮክ የሚተርከው ነው፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለሱን በሙዳይ እንደያዘ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ በለሱ ትኩስ ሆኖ ያገኘበት መጽሐፍ። የግእዙ ሰዎች ይህን “ተረፈ ባሮክ” አሉት። ሌሎቹ ከመጻሕፍተ ነገሥት ቀጥለው የሚመጡት ሁለቱ የነገሥታት ታሪክ መጻሕፍት ናቸው። እነዚህን ግን “ሕጹጻን” አሏቸው፤ የጎደሉ፣ የተቀነሱ ማለት ነው።

አንድ የግሪክ ስም በአንዱ መጽሐፍ ላይ ትርፍ፣ በሌላው ላይ ጉድለት ሆኗል ማለት ነው። ስህተት አይመስለኝም። የኤርምያስ መጽሐፍ ራሱን የቻለ ሙሉ ነው፤ ከእሱ በላይ የሚነገር ታሪክ ሲገኝ ቁልል ነው፣ ተረፈ ነው። በመጻሕፍተ ነገሥት በኩል ግን ተርጓሚው የቆመው ከጣሳው ውስጥ ነው፤ እዚያ መኖር ሲገባው ያልገባውን ይቆጥራል፣ ስለዚህ የሚታየው መጉደሉ ነው። ሕጹጻን የሚለው ስም ዛሬ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዜና መዋዕል በሚለው ተተክቶ በሊቃውንቱ ዘንድና በብራና መጻሕፍት ላይ ቀርቷል። ተረፈ ባሮክ ግን በቤተ ክርስቲያኒቱ መጽሐፍ ቅዱስ እስከ ስሙ አለ።